አንድ ጆንያ ሁለት ጊዜ

አብደራፊ ላይ በመስከረምና በጥቅምት ሰሊጥ ይታጨዳል። ነዶው ሂላ በሚባል ክምር ቆሞ ይደርቃል፤ ከተራገፈ በኋላ በጆንያ ሆኖ ወደ ከተማ ይገባል። ለአንድ ነጋዴ መጋዘን የሚዛን መመዝገቢያ ገጽ ሠርቼ ነበር። ክብደቱ ይጻፋል፣ «መዝግብ» የሚለው በተን ይነካል፣ ጆንያው በሠንጠረዡ ላይ አዲስ ረድፍ ሆኖ ይወጣል። ጎንደር ሆኜ በላፕቶፔ ስሞክረው እንከን አልነበረውም።

በሁለተኛው ቀን መዝጋቢዋ ጠራችኝ። «ወንድሜ፣ 98 ኪሎውን ሁለት ጊዜ ጽፎብኛል። ነካሁት፣ ዝም አለኝ። ደግሜ ነካሁት።»

ቆጠራ ሲመጣ የሚጎድለው ጆንያ በእሷ ስም ነው የሚጻፈው። ሚዛኑ ያለው በር ላይ ነው፤ የፀሐይ ነጸብራቅ ስክሪኑን ይጋርደዋል፤ ኔትወርኩ አንዴ አለ አንዴ የለም። እሷ ምንም አላጠፋችም። ጥፋቱ ያለው «ዝም አለኝ» ባለችው ላይ ነው። ብራውዘር ሰው ሲቸኩልና ሁለት ነገር ሲያዝ ለይቶ አያውቅም፤ ሁለት ክሊክ ካገኘ ከበተኑ ጋር የታሰረውን ፈንክሽን ሁለት ጊዜ ይጠራል። በዚያ ላይ ገጹ ለስልክ ስፋት መዘጋጀቱን የሚናገረውን መስመር ረስቼው ነበር። ያ መስመር ከሌለ ብራውዘሩ «ሁለቴ ነክቶ ሊያጎላ ይሆን?» ብሎ ወደ 300 ሚሊሰከንድ ሊጠብቅ ይችላል። ክሮም ለስልክ በተዘጋጁ ገጾች ላይ ይህን ጥበቃ የተወው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

አሁን የፈንክሽኑ የመጀመሪያ ሥራ ወደ ሰርቨር መላክ አይደለም። መጀመሪያ በተኑን ይዘጋል፣ ጽሑፉን «እየተመዘገበ ነው» ወደሚል ይቀይራል፤ የሚልከው ከዚያ በኋላ ነው። ይህም ብቻውን አይበቃም። ሰርቨሩ መዝግቦ ሳለ መልሱ መንገድ ላይ ሊጠፋ ይችላል፤ በተኑ ተመልሶ ሲከፈት እንደገና መንካቷ አይቀርም። ስለዚህ እያንዳንዱ ምዘና ገና ሲጀመር የራሱን ቁጥር ይይዛል፤ ያው ቁጥር ሁለተኛ ሲመጣ ሰርቨሩ አይጽፈውም።

ሌላም ስህተት ነበረብኝ። በየረድፉ ያለው «ሰርዝ» ጠዋት ገጹ ሲከፈት በነበሩት ጆንያዎች ላይ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ በተመዘኑት ላይ አይሠራም። ገጹ ሲከፈት በነበሩት በተኖች ላይ ብቻ አንድ በአንድ በአድኢቨንትሊስነር ክሊክ ሰሚ አስሬ ስለነበር፣ ኋላ የመጣው ረድፍ ሰሚ አልነበረውም። መጋዘን ግን በየጆንያው ላይ ዘበኛ አያቆምም፤ በሩ ላይ አንድ ሰው ካለ ዛሬ የሚገባውም ነገ የሚገባውም በእሱ ፊት ያልፋል። ክሊክም እንዲሁ በር አለው። ከገጹ አናት ተነሥቶ እስከተነካው ኤለመንት ይወርዳል፤ ከዚያ ከበተኑ ወደ ረድፉ፣ ከረድፉ ወደ ሠንጠረዡ ተመልሶ ይወጣል። በድሮ ጊዜ ከብራውዘር ሠሪዎቹ ኔትስኬፕ መውረዱን፣ ማይክሮሶፍት መውጣቱን ይዘው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የድር ደንብ አውጪው የደብሊው ስሪ ሲ ደንብ ሁለቱንም አጣመረ።

እናም አንድ ሰሚ በሠንጠረዡ ላይ ብቻ አኖርኩ። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ጣት ያረፈው በተኑ ውስጥ ባለችው ትንሽ የቅርጫት ሥዕል ላይ ከሆነ ክሊኩ «ታርጌት» ብሎ የሚያሳየው ሥዕሏን ነው፣ በተኑን አይደለም። ለዚህ «ክሎሰስት» አለ፤ ከተነካው ተነሥቶ ወደ ላይ እየወጣ የቅርቡን በተን ያገኛል። የክሊኩን መንገድ መሐል ላይ የሚቆርጠውን ስቶፕፕሮፓጌሽንን ግን ያለ ትልቅ ምክንያት አልነካም፤ ከላይ ያለውን ሰሚ ሳናውቀው ያደነቁረዋል።

ያስተካከልኩትን ገጽ ይዤ ስመለስ በሩ አጠገብ ቆሜ አየኋት። ክብደቱን ጻፈች፣ ነካች፣ በተኑ ወዲያው ግራጫ ሆነ። ኔትወርኩ አልነበረም። «እየተመዘገበ ነው» የሚለውን አነበበችና ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተሸካሚውን «ቀጣዩን አምጣ» አለችው።