ደፉን የተሻገረው ማን ነው?

የመጀመሪያ ልቦለዴን ረቂቅ ለአንድ ወዳጄ ሰጥቼው ስድሳኛው ገጽ ላይ ማቆሙን ነገረኝ። ገጹን አውጥቼ አየሁት። የሸማኔው ልጅ ቤታቸው ተቃጥሎበት ወደ ከተማ የሚሰደድበት ቦታ ነው። ከመጀመሪያው ገቢር ወደ ሁለተኛው የሚያሻግር ከባድ ነገር ፈልጌ እሳት ለኩሼ ነበር። ወዳጄ ግን «ልጁ ምን አደረገ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ሁሉን ያደረገው እሳቱ ነው።

ያን ሰሞን በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንደገና ገለጥኩ። በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሊያስተምር ወደ ቤታቸው ሲገባ ላይ ላዩን ላየው ምንም የለም፤ ቅኔ የተማረ ወጣት ሥራ አገኘ፣ በቃ። ለሌላ መምህር ያ ደጅ የእንጀራ ደጅ ብቻ በሆነ ነበር። በዛብህን ግን ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ለእግዚአብሔር ተስለውታል፤ ትዳር አልተፈቀደለትም። ፊታውራሪ ደግሞ በዘራቸው የሚመኩ፣ ለልጃቸው የሚመጥን ባል አጥተው ጠያቂውን ሁሉ የሚመልሱ ባላባት ናቸው። አንባቢው ይህን ሁሉ አውቆ ነው ከበዛብህ ጋር ደፉን የሚረግጠው። የፊታውራሪን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሲያፈቅር ስለቱንም የዘር አጥሩንም በአንድ ጊዜ ይነካል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮው መኖር የለም። ጸጥ ያለውን መግቢያ ያከበደው ቀድሞ የተዘራው ነው።

ገጸ ባሕርይው ተገፍቶ ቢሄድስ? በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» መልስ አለው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ወደ አሥመራ የሚሄደው ለግዳጅ ነው። ግዳጁ እስከ ደፉ አደረሰው፤ እዚያ ያገኛትን ፊያሜታን አፍቅሮ የተሻገረው ግን በገዛ ልቡ ነው። ስለዚህ ግፊትን አልፈራም። ከግፊቱ በኋላ ሰውየው ራሱ የሚመርጠውን እፈልጋለሁ።

ወደ ረቂቄ ተመለስኩና እሳቱን አጠፋሁ። በምትኩ ሰባተኛው ገጽ ላይ አባትየው መወርወሪያውን ለልጁ ሲያሳየው ጻፍኩ፤ ከአያቱ የወረሰው ነው፣ «ነገ ያንተ ነው» ይለዋል። ስድሳኛው ገጽ ላይ ልጁ በሌሊት ተነሥቶ ያንን መወርወሪያ ገበያ ወስዶ ይሸጠዋል፤ በገንዘቡ የአውቶቡስ ቲኬት ይቆርጣል። ማንም አልሞተም፣ ምንም አልተቃጠለም። ነገር ግን ልጁ ከእንግዲህ አባቱን ቀና ብሎ ማየት አይችልም፤ ከተማ ውስጥ ቢራብም ቢታመምም ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ በገዛ እጁ ሸጦታል። ሁለተኛው ገቢር ከዚያ ኀፍረት ተነሥቶ በራሱ እግር ሄደ።

ዛሬም መሻገሪያው ሲላላብኝ እዚያው ገጽ ላይ ጩኸት አልጨምርም፤ ወደ ኋላ ገልጬ ልጁ ምን ዕዳ እንዳለበት እፈልጋለሁ። ስድሳኛው ገጽ ላይ የጎደለኝ ነገር ሰባተኛው ገጽ ላይ ያልጻፍኩት ነበር።