አሠሪም ይጠየቃል

ሕንፃ ሲያምር አርክቴክቱን እናመሰግናለን፤ ሲበላሽም እርሱኑ እንወቅሳለን። አሠሪውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እኔም ከእነዚያ ከብዙዎቹ አንዱ ነበርሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ እዚሁ ካምፓላ በአስተርጓሚነት የተቀመጥሁበት አንድ ጠረጴዛ ነው።

አሠሪው የሀገሬ ሰው፣ በዕድሜ ታላቄ የሆኑ ነጋዴ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ከኮረብታ ተዳፋት ላይ መሬት ገዝተው ዩጋንዳዊ አርክቴክት ቀጠሩ። ይዘው የመጡት ከመጽሔት የተቀደደ ፎቶግራፍ ነበር፤ በምዕራብ በኩል ያለው ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ቪላ። አርክቴክቱ ፎቶግራፉን ወደ ጎን አድርጎ ይጠይቅ ጀመር፦ ቤተሰቡ ስንት ነው? ቡና የሚፈላው የት ነው? እንግዳ ሲበዛ የት ይቀመጣል? ጋሼ ተሰላቹ። «ባለሙያው እሱ አይደለም እንዴ? እኔን ምን ይጠይቀኛል?» አሉኝ። አርክቴክቱ በመጨረሻ፣ ከላይ የሚወርደው የዝናብ ውኃ መሄጃ ካልተበጀለት ቤት ውስጥ እንደሚገባ ቁርጥ አድርጎ ተናገረ። እኔ ግን ይሉኝታ ይዞኝ «የውኃው ነገር ትንሽ ያሰጋኛል ይላል» ብዬ ተረጎምሁ።

የግንባታ ፈቃዱ እንደወጣ ጋሼ የቁጥጥሩን ክፍያ ለመቆጠብ አርክቴክቱን አሰናበቱ። የውኃው ቦይ በፕላን ላይ ብቻ ቀረ። በመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ውኃው ሳሎን ገባ፤ የመስታወቱ ግንብም ከሰዓት በኋላ በፀሐይ እየጋለ መጋረጃ ተጋረደበት።

ከዚያ ወዲህ ሕንፃ ስመለከት ስለ ሠሪው ብቻ ሳይሆን ስለ አሠሪውም አስባለሁ። ለዚህም የአዲስ አበባውን የአፍሪካ አዳራሽ ያህል የሚያስተምረኝ የለም። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መቀመጫውን የማሠራቱን ሥራ የሰጡት በአስመራ ሲሠራ ለቆየው ለጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው። ሕንፃው በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ሜዜዲሚ ኋላ በጻፈው ትዝታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሥራውን በቅርብ ይከታተሉ እንደነበር መስክሯል። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በዚሁ አዳራሽ ሲሆን፣ ከፈራሚዎቹ አንዱ የዩጋንዳው ጠቅላይ ሚኒስትር ሚልተን ኦቦቴ ነበሩ።

በዚያ አዳራሽም መስታወት አለ። ወደ ውስጥ የሚገባ እንግዳ በመጀመሪያ የሚያየው የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሆን የመስታወት ሥዕል ነው። የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ይተርካል። ይህ ሥዕል ግንብ ካለቀ በኋላ የተሰቀለ ጌጥ አይደለም፤ ራሱ ግንብ ሆኖ ብርሃን ያስገባል። ሕንፃው ለምንና ለማን እንደሚሠራ አሠሪው አስቀድሞ ባያውቅ ኖሮ፣ አርክቴክቱ ለሠዓሊ ያን ያህል ቦታ መተው ባልቻለ ነበር። የጋሼ መስታወት ግን የሌላ ሰው ቤት መልስ ነው፤ የእርሳቸው ጥያቄ አልነበረም።

«ንጉሥን ከነጋዴ ታወዳድራለህን?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፣ የመንግሥት ግምጃ ቤት የለንም። ንጉሥ አሠሪ ሲሆን ደግሞ አርክቴክቱ «አይሆንም» ለማለት መፍራቱ አይቀርም። የማወዳድረው ገንዘቡን ሳይሆን ትኩረቱን ነው። አዳራሹ ከስልሳ ዓመት በላይ አገልግሎ፣ ታድሶ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ዳግም ሲከፈት፣ አዳሾቹ የደከሙት የቀድሞ መልኩን ለማቆየት ነበር። ሊቆይ የሚገባው መልክ የሚኖረው በሚገባ የታሰበበት ሥራ ብቻ ነው።

በዩጋንዳ የአርክቴክቶች ምዝገባ ሕግ ከወጣ ከእ.ኤ.አ. 1996 ወዲህ፣ ያልተመዘገበ ሰው ራሱን አርክቴክት ብሎ መሥራት አይፈቀድለትም። ስለዚህ ቤት የሚያሠራ ወገን አስቀድሞ ስሙ በመዝገቡ መኖሩን ይጠይቅ፤ ክፍያው ንድፉን ብቻ ይሁን ወይስ የግንባታውን ቁጥጥርም እንደሚጨምር በጽሑፍ ይዋዋል። ከሁሉም በላይ ግን አርክቴክቱ ስለ አኗኗሩ ሲጠይቀው አይሰላች፤ ያ ጥያቄ የቤቱ መሠረት ነውና።

ጋሼ ቦዩን ዘንድሮ አሠሩት፤ የተነጠፈውን ወለል አስፈርሰው፣ በቁጥጥሩ ከቆጠቡት እጥፍ ከፍለው። ወጪውን ሲነግሩኝ ያን ቀን አርክቴክቱ ምን እንዳለ ቃል በቃል ነገርኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ያኔ ለምን እንዲህ አላልከኝም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።