«ልጅቷ እሺ ብላለች?»

ሰሞኑን ፊልም በፊልም ሆኜ ሰንብቻለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እቴቴ የምንላቸው የአባቴ ታላቅ እህት ለጉልበታቸው ሕክምና ከአርሲ መጥተው እኔ ዘንድ አረፉ። ጉልበት የታመመ ሰው ቤት ይውላል፤ ቤት የዋለ ሰው ደግሞ ቴሌቪዥን ያያል። እናላችሁ፣ ማታ ማታ ከሥራ ስገባ ፊልም መራጭ ሆኜ ተሾምኩ።

መጀመሪያ የመረጥኩት ኮሜዲ ነበር። ስሙን አልጠራውም፤ ብዙ ወንድምና እህት ስላለው አንዱን ብቻ መውቀስ ይሆንብኛል። ቪላ አለ፣ መኪና አለ፣ ማንም ተደላድሎ የማይቀመጥበት ነጭ ሶፋ አለ። ልጁ ልጅቷን ካፌ ውስጥ አንዴ ያያታል፤ በቃ፣ ማበድ ነው። አልፈልግህም ትለዋለች። መሥሪያ ቤቷ ድረስ ይሄዳል። አልፈልግህም ትለዋለች። ከጓደኛዋ ስልኳን አግኝቶ ሌሊት ይደውላል። አሁንም አልፈልግህም። በመጨረሻ የልጁ ጓደኞች «እናግዘው» ብለው ልጅቷን አንጠልጥለው መኪና ውስጥ ይከቷታል። የአንዱ ኮፍያ ይወድቃል፣ መኪናው አልነሳም ይላል፣ ሙዚቃው ራሱ ያስቃል። እኔም ሳቅሁ። የምን መሳቅ፣ ተንከተከትኩ እንጂ!

እቴቴ አልሳቁም። ነጠላቸውን አስተካከሉና፣

«ልጅቷ እሺ ብላለች?» አሉኝ።

«ኧረ ቀልድ ነው እቴቴ! በኋላ ትወደዋለች።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«ፊልም ነዋ!»

ዝም አሉ። እውነትም በኋላ ወደደችው። ለምን እንደወደደችው ፊልሙ አልነገረንም፤ ብቻ ሠርግ ሆነ፣ ሊሞዚን መጣ፣ አለቀ። እቴቴ ሠርጉን ሳያዩ ተኝተዋል።

በማግስቱ ልክሳቸው ብዬ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ከፈትኩ። በ2015 እ.ኤ.አ. በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ በመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ፣ አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ሲሄድ አንዲት በግ ብቻ ትቀረዋለች። አጎቱ ደግሞ በጓን ለበዓል እረዳት ይለዋል። እኔ እንዳየሁት ተራራው አንዳንዴ ከሰዎቹ በላይ ይታያል፤ ለፈረንጅ ዓይን ያማረ ፖስት ካርድ የሚመስልበት ቦታ አለው። ቢሆንም ዝም ማለት የሚያውቅ ፊልም ነው። የእኛ ፊልሞች ብዙዎቹ ሰው ካላወራ መብራት የጠፋ ይመስላቸዋል። እቴቴ ፊልሙን በሙሉ «አያርዷትም አይደል?» ሲሉ አመሹ። ማንበብ የምትወደውን ልጅ፣ ጽዮንን፣ ቤተሰቦቿ ሲቆጧት ደግሞ ቴሌቪዥኑን «ተዋት ታንብብበት!» ብለው ገሰጹት።

ሦስተኛው ማታ «ድፍረት» ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እቴቴ በጠለፋ ነው ያገቡት። ይህን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል፤ ያውቃል ብቻ ሳይሆን በየሠርጉ፣ በየልደቱ እንደ ቀልድ ይወራል። ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው እንዴት በፈረስ እንደመጡ፣ ፈረሱ እንዴት እንደደነበረ፣ የአንዱ ሚዜ ጫማ እንዴት ጭቃ ውስጥ እንደቀረ... እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስቄበታለሁ። የኮሜዲውን መኪናና የፈረሱን ታሪክ ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸው ገና ያን ማታ ነው።

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። ሂሩት የምትባል የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ የመጡ ሰዎች ይጠልፏታል፤ ጠላፊዋን በጠመንጃ ገድላ ታመልጣለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው የፍርድ ጉዳይ ነው። ስሙን ሳስበው ይገርመኛል። ድፍረት ጀግንነት ነው፤ መደፈርም ከዚያው ቃል ይወጣል። ልጅቷ ላይ የተሠራውንም፣ ልጅቷ የሠራችውንም አንድ ቃል ይዞታል።

ቅሬታ የለኝም አልልም። ቢሮ ውስጥ የሚነገረው ንግግር አልፎ አልፎ የዐውደ ጥናት ወረቀት ይመስላል። ከሁሉ በላይ ግን ፊልሙ የልጅቷ ሆኖ ጀምሮ የጠበቃዋ ሆኖ ያልቃል። ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ በኋላ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት የሆኑት። ታሪካቸው ፊልም ይገባዋል። ሂሩት ግን ብዙውን ጊዜ ስለ እሷ ሲወራ የምትሰማ ልጅ ሆና ቀረችብኝ።

በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ፊልሙ እዚሁ አዲስ አበባ ሊታይ ሲል በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ታግዶ ነበር። አቤት ያለችው ታሪኩ የተወሰደባት ሴት ናት፤ ሳልጠየቅ ነው የተሠራው አለች። የሕጉን ክርክር ለሕግ አዋቂዎች ልተወው። እኔን ግን የእቴቴ ጥያቄ እዚህም ተከትሎኝ መጣ፤ ልጅቷ እሺ ብላለች? ለበጎ ዓላማም ቢሆን መጠየቅ እንዴት ይረሳል?

ደግሞ ሌላ ነገር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ክስ አይቀርብበትም ነበር። የተለወጠው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። ጋብቻ ወንጀሉን አይሰርዘውም ተባለ። ሕጉ ከተለወጠ ይኸው ስንት ዓመቱ፤ ኮሜዲዎቻችን ግን ዛሬም በ1949ኙ ነው የሚዳኙት። ክትትሉ፣ ጉተታው፣ አፈናው ሁሉ ሠርጉ ሲመጣ ይሰረዛል። እኛም ትኬት ቆርጠን፣ ፈንዲሻ ይዘን እናጨበጭባለን። «ድፍረት»ን አይተን የምናለቅሰውም እኛው ነን። ልዩነቱ ሙዚቃው ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ፊልሙ ሲያልቅ እቴቴ አላለቀሱም። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ምን እንደማወራ ጠፋኝ፤ ስለ ቀረጻው ላውራ፣ ስለ ትወናው? በመጨረሻ እንደምንም አልኩ፣

«እቴቴ፣ እርስዎስ ያኔ... እሺ ብለው ነበር?»

ትንሽ ቆዩ። «እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉ። «ሁሉም የሚያወራው ስለ ፈረሱ ነው።»

ከዚያ አወሩኝ። ሌሊቱ እስኪጋመስ አወሩኝ። ስንት ዓመታቸው እንደነበር፣ በማግስቱ ማን ምን እንዳላቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ያልረሱት ምን እንደሆነ። ፈረሱን አንድም ጊዜ አላነሱትም።

ጠዋት ቁርስ ላይ ይህን ጋዜጣ ላይ ልጻፈው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አሰቡበት። «ፊልሞቹን ጻፍ። ጠይቄያት ነገረችኝ በል። የነገርኩህን ግን አትጻፍ» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው።