«ትንሣኤ» ስለሚባለው መጽሐፍ፤ ይልቁንም በውስጡ ስላለችው ልጅ

የመስኮቡ ደራሲ ሌፍ ቶልስቶይ በ1899 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር «ትንሣኤ» ብሎ ያሳተመው መጽሐፍ በካህናት ዘንድ ስሙ መልካም አይደለም። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ በወህኒ ቤት የሚደረገውን ቅዳሴ በፌዝ ቃል ጽፏልና። የመስኮብ ቅዱስ ሲኖዶስም በ1901 ከቤተ ክርስቲያን አንድነት መለየቱን ገልጾበታል። በዚህ ነገር ለደራሲው ጠበቃ ሊቆምለት አይገባም፤ ምሥጢሩን ትቶ ዕቃውን ብቻ እያዩ መተረክ ሙያ አይደለምና። ኾኖም መጽሐፉን በዚያ ገጽ ላይ ዘግቶ የሚያስቀምጥ ካህን፥ ከሰው ኹሉ ይልቅ ለካህን የሚገባውን ክፍል ሳያነበው ይቀራል።

ካትዩሻ ማስሎቫ የምትባለው ልጅ እናት በባላባቶች በረት የምታገለግል ባል የሌላት ሴት ነበረች። በየዓመቱ ትወልዳለች፤ ሕፃኑ ይጠመቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚያጠባው ስለሌለ ይሞታል። አምስቱ እንዲህ አለቁ። ስድስተኛዪቱ ካትዩሻ የተረፈችው ከእመቤቶቹ አንዲቱ ድንገት ወደ በረቱ ገብታ ስላየቻት ነው። ራራችላት፤ የክርስትና እናት ኾነቻት፤ ወተትና ጥቂት ገንዘብም ሰጠች። ደራሲው ይህን ሲተርክ አያለቅስም፤ ሒሳብ እንደሚመዘግብ ጸሐፊ ያልፈዋል። አንባቢውን የሚያስጨንቀውም ይኸው ዝምታ ነው።

ልጅቱ ግማሽ ገረድ ግማሽ ልጅ ኾና አደገች። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲኾናት የእመቤቶቹ የወንድም ልጅ ነኽልዩዶፍ መጣ፤ በኋላም ወደ ጦር ሲሄድ ተመልሶ በፋሲካ ሰሞን አሳታት፤ መቶ ሩብል ሰጥቷት ሄደ። የፋሲካው ሌሊት ምዕራፍ ግን ሊመሰገን ይገባዋል። ልጅቱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ አፍንጫው በቍስል የጠፋውን ለማኝ ሳትጸየፍ ሦስት ጊዜ ስትስመው ይታያል። ቅዳሴን ያፌዘው እጅና ይህን የጻፈው እጅ አንድ መኾኑን ማመን ያስቸግራል።

ፅንሱ ከታወቀ በኋላ ግን ነገሩ ኹሉ በገንዘብ ይቈጠራል። እመቤቶችዋን ተናግራ ስላስቀየመች አሰናበቷት፤ ሌላ ቤት ብትገባ ጌታው ያስቸግራት ጀመር። በእጅዋ የነበረው 127 ሩብል ነው፤ 27ቱ የድካምዋ፥ 100ው የዚያ ሰው ነው። አዋላጂቱ ለኹለት ወር ቀለብ 40 ወሰደች፤ ሕፃኑን ወደ ተጣሉ ልጆች ማሳደጊያ ለመላክ 25 ወጣ፤ ላም ልግዛ ብላ ደግሞ 40 ተበደረች። ልጅቱ ከዚያ ቤት ስትወጣ የቀራት 6 ሩብል ነው። ሕፃኑ እንደ ደረሰ ሞተ። ነኽልዩዶፍ ከብዙ ዓመት በኋላ ቢጠይቅ፥ ሕፃኑ እንደሚገባው ተጠምቆ መላኩን ይነግሩታል። የእናትዋ ቤት ታሪክ ተመለሰ፤ ጥምቀቱ አልቀረም፥ ወተቱ ቀረ። ፌዙን የሚነቅፍ ካህን ይህንንም ሊያየው ይገባል፤ ይህ ፌዝ አይደለምና።

የመጽሐፉ ጕድለት በስሙ ላይ ነው። «ትንሣኤ» የተባለው ሰሙም ወርቁም ወደ ነኽልዩዶፍ ያዘነብላል፤ ብዙው ገጽ የእርሱ ጸጸት ነው፥ የልጅቱ መከራ ግን በጥቂት ቅጠል አለቀ። ደራሲውም ሳይታወቀው አልቀረም፤ በእርስዋ ምክንያት ለመዳን መፈለጉን በወህኒ ቤት በገዛ አፍዋ አስነቅፎታልና።

ከጥቂቶቹ ቅጠሎች አንዱ የባቡሩ ሌሊት ነው። ወራት ያለፋት ነፍሰ ጡር በመጸው ዝናብና ጨለማ ወደ ጣቢያው ሮጠች፤ እርሱ በደመቀ ሠረገላ ውስጥ ካርታ ሲጫወት በመስኮት አየችው። ባቡሩ ተነሣ፤ እርስዋም አብራ ሮጠች፥ ተለያትም። ከሚመጣው ባቡር በታች ልትወድቅ አሰበች። ያን ጊዜ ፅንሱ በሆድዋ ተንቀሳቀሰ፤ ረጋ ብላ ወደ ቤት ተመለሰች። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ በእግዚአብሔርና በበጎ ነገር ማመንን እንደ ተወች ደራሲው ይናገራል። ይህን ምዕራፍ ጠላቱ እንኳ ሊነቅፍበት የሚችለው ማጠሩን ብቻ ነው።