«ስቶል» የሞተር መጥፋት አይደለም
በአሜሪካ የንግድ አብራሪነት ፈተና ተፈታኙ በቃልም በበረራም ስለ «ስቶል» ይጠየቃል። ይህን ቃል «የሞተር መጥፋት» ብሎ መተርጐም፣ ቃሉ ለመኪና ሲነገር ያለውን ፍች ወደ አውሮፕላን ማዛወር ነው። በበረራ ሙያ ስቶል ማለት፣ ክንፉ ከሚገጥመው አየር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከወሰኑ ሲያልፍ፣ ይኸውም በብዙ ቀላል አውሮፕላኖች 15 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ የአየሩ ፍሰት ከክንፉ ገጽ ተለይቶ የማንሳት ኃይሉ የሚወድቅበት ሁኔታ ነው፤ ሞተሩ በሙሉ ኃይል እየሠራም ይደርሳል። መድኀኒቱ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ማዕዘኑን መቀነስ ነው። በተሳሳተው ፍች የሠለጠነ ግን ሞተር ለማስነሣት ሲጣደፍ ከፍታው ያልቅበታል። ሕዝባችን «ጉልበቴ ከዳኝ» እንደሚል ሁሉ «የክንፍ መክዳት» ብንል፣ ጉድለቱ የክንፉ እንጂ የሞተሩ አለመሆኑን ቃሉ ራሱ ያስረዳል።