ቆሞ የሚበላውን የማያይ መመሪያ

አንድሬ እና ኤድዋርድ ሚሽላን የመጀመሪያውን መመሪያቸውን በ1900 እ.ኤ.አ. ሲያሳትሙ በመላ ፈረንሳይ የነበሩት መኪኖች 3,000 አይሞሉም ነበር። መጽሐፉ ግን 35,000 ገደማ ታትሞ በነጻ ታደለ። ወንድማማቾቹ ጎማ ሻጮች ነበሩና ስሌቱ አያስቸግርም፤ ሰው በብዛት ሲነዳ ጎማ ያልቃል፣ ሲያልቅም ይገዛል። ኮከቡ በ1926 መጣ። ዛሬም የሚሠራበት ትርጉሙ የመንገደኛ ትርጉም ነው፦ ሁለት ኮከብ ከመንገድ ዞር ብለው ሊበሉበት የሚገባ ቤት፣ ሦስት ኮከብ ደግሞ ለእሱ ብቻ ተብሎ ጉዞ የሚነሱለት። ከማርሴይ እስከ ማንቶን በተዘረጋው ሞቃታማ የሜዲትራኒያን ዳርቻ ምሳ ለሚፈልግ ሰው ይህ ሚዛን የት ድረስ ያደርሰዋል?

ሩቅ የሚያደርስበት ቦታ አለ። ከጣሊያን ድንበር አጠገብ ማንቶን ላይ አርጀንቲናዊው አብሳይ ማውሮ ኮላግሬኮ በ2006 ሚራዙር የተባለውን ምግብ ቤት ከፈተ፤ በ2019 ሦስተኛውን ኮከብ አገኘ። ከራሱ አትክልት ቦታዎች እየለቀመ፣ አንዱን ቀን ሥር፣ ሌላውን ቅጠል፣ አበባ ወይም ፍሬ እያደረገ በጨረቃ አቆጣጠር ያበስላል። እንዲህ ያለውን ቤት ለመመዘን የሚሽላን ስማቸውን የማይገልጹ መርማሪዎች ተወዳዳሪ የላቸውም ብል ማጋነን አይሆንም። የጥሬ ዕቃውን ጥራት፣ የእጅ ሙያውን፣ የጣዕሙን ስምምነት፣ የአብሳዩን ማንነት፣ በየጊዜው አለመዋዠቁን ያያሉ። መጋረጃና ሸክላ ለኮከብ አይቆጠርም።

ችግሩ የሚጀምረው ኒስ ስንደርስ ነው። የከተማዋ መታወቂያ ሶካ ነው፤ የሽምብራ ዱቄት በውሃና በወይራ ዘይት ተበጥብጦ፣ በሰፊ የመዳብ ትሪ ላይ ስስ ሆኖ ፈሶ፣ በእንጨት እሳት ዳርና ዳሩ እስኪያር ይጋገራል። በቢላ ተቧጭሮ ይነሳል፣ ቁንዶ በርበሬ ይነሰነስበታል፣ በእጅ ይበላል። (ወተትም ሥጋም አይገባበትምና በጾም ወራት ለሄደ የእኛ ሰው መልካም ዜና ነው። ከጎኑ የሚሸጠው የሽንኩርት ቂጣ ላይ ትንንሽ ጨዋማ ዓሦች ስላሉ፣ ያው የቆየው የዓሣ ክርክር እዚያም ይከተላል።) ሶካ በቀዘቀዘ ቁጥር ይበላሻል። ከምድጃው እስከ ጠረጴዛ ያለው መንገድ እንኳ ይረዝምበታል። በወንበርና በአስተናጋጅ የሚያስብ መጽሐፍ ይህን ምግብ እንዴት ይመዝነው?

ሚሽላን በተመጣጣኝ ዋጋ ለሚያበሉ ቤቶች ከ1997 ጀምሮ ቢብ ጉርማን የሚል ምልክት እንደሚሰጥ አውቃለሁ። በ2016 ሲንጋፖር ውስጥ ለጉልት ምግብ ሻጮች ኮከብ ሰጥቷል፤ ባንኮክም ላይ ደግሞታል። ስለዚህ ቆሞ መብላትን አያውቅም ማለት አይቻልም። እስያ ውስጥ የከፈተውን ዓይን በገዛ አገሩ ባሕር ዳር ጨፍኗል ብል ግን አልሳሳትም፤ የሶካ ምድጃ ኮከብ ሲያገኝ አላየሁም።

ማርሴይ ላይ ነገሩ ይብሱን ይወሳሰባል። ቡያቤስ ዓሣ አጥማጆች ገበያ ላይ ገዢ ያጡ፣ እሾሃም የድንጋይ ሥር ዓሦችን በእንስላልና በሳፍሮን ቀቅለው የሚበሉት ወጥ ነበር። በ1980 የከተማዋ ምግብ ቤቶች ስሙ በየቦታው እንዳይረክስ ቻርተር አወጡ፤ ቢያንስ አራት ዓይነት ዓሣ ይግባበት፣ ዓሣው በእንግዳው ፊት ይቆረጥ ተባለ። ዛሬ የድሃው ወጥ ውድ ምግብ ሆኗል። አብሳዩ ጄራልድ ፓሴዳ በ2008 ሦስት ኮከብ ባገኘበት፣ ለ ፕቲ ኒስ በተባለው የማርሴይ ምግብ ቤት ወጡን በየተራ በሚቀርቡ ሳህኖች ከፋፍሎ ያቀርባል። ጥበቡን አደንቃለሁ። ነገር ግን አለመዋዠቅ የሚለው መስፈርት ለትልቅ ኩሽና ያደላል። ሚስትራል የሚሉት ነፋስ ሲነሳ ጀልባ አይወጣም፤ የዛሬ ዓሣ ከሌለው በሩን የሚዘጋ ትንሽ ቤት ይበልጥ ታማኝ ቢሆንም በዚህ ሚዛን ይቀላል።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ግን የመመሪያው ጽሑፍ ነው። ለአንድ ቤት የሚሰጠው ጥቂት መስመር፣ ያውም ምስጋና ብቻ! የወደቀው ቤት በዝምታ ይሰረዛል፣ ኮከብ ያጣውም ለምን እንዳጣ አንባቢ አይነገረውም። የሂሳዊ ሥራ ግማሹ ምክንያት መስጠት ነው፤ ሚሽላን ፍርዱን አውጥቶ መዝገቡን ይቆልፋል። በአንዳንድ አገሮች የቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች ለመመሪያው መዘጋጀት ገንዘብ እንደሚከፍሉ ሲታወቅ ደግሞ ዝምታው ይበልጥ ይጎረብጣል።

ኮከቡን ትቶ የሄደ አብሳይም አለ፤ ዶሚኒክ ለ ስታንክ በኒሱ ኔግሬስኮ ሆቴል ሁለት ኮከብ ይዞ ሲሠራ ቆይቶ በ1990ዎቹ ትቶት ወጣ፤ ላ ሜሬንዳ የምትባል ጠባብ ቤት ተረከበ። እንግዳው የሚቀመጠው መደገፊያ በሌለው በርጩማ ነው። ለረጅም ዓመታት ስልክ ስላልነበራት ቦታ የፈለገ በእግሩ ሄዶ ያስይዝ ነበር። እናም ማንቶን ላይ ራት የሚያስይዝ መንገደኛ መመሪያውን ይያዝ፤ ኒስ ላይ ረፋዱን ሲርበው ግን መጽሐፉን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ የእንጨት ጭስ ወደሚሸትበት ወረፋ ቢሄድ ይሻለዋል።