የናርኒያ በር የት ነው? ስለ አንድ ተከታታይ ልብ ወለድ የመክፈቻ መጽሐፍ

የሲ. ኤስ. ሉዊስ «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሣጥኑ» እ.ኤ.አ. በ1950 ለንደን ውስጥ ታተመ። እስከ 1956 ድረስ ስድስት መጻሕፍት ተከተሉትና የናርኒያ ተከታታይ ሰባት ሆነ። ከእነዚህ መካከል በ1955 የወጣው «የአስማተኛው የእህት ልጅ» የናርኒያን አፈጣጠር ስለሚተርክ በታሪኩ ጊዜ ከሁሉም ይቀድማል። በዚህም ምክንያት በ1994 የወጣው እትም እርሱን ቁጥር አንድ፣ የ1950ውን መጽሐፍ ደግሞ ቁጥር ሁለት አደረገ። ደራሲው ራሱም በ1957 ለአንድ አሜሪካዊ ልጅ በጻፈው ደብዳቤ የታሪኩን የጊዜ ቅደም ተከተል መርጧል፤ ምናልባት ይህን ያህል ለውጥ እንደማያመጣ ቢያክልም። እኔም ለበርካታ ዓመታት በአዲሱ ቁጥር መሠረት አስተምሬአለሁ። ስሕተት ነበር።

ስሕተቱን ያሳየችኝ አንዲት ተማሪ ናት። በሰባተኛው ምዕራፍ ቢቨሩ የአስላንን ስም በሹክሹክታ ሲያነሣ፣ ተራኪው ወደ አንባቢው ዞር ይልና ልጆቹ አስላን ማን እንደሆነ እንደማያውቁ፣ አንባቢውም ከእነርሱ የበለጠ እንደማያውቅ ይናገራል። ተማሪዋ «እኔ ግን ዐውቀዋለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ናርኒያን ሲፈጥር አንብቤአለሁ። ተራኪው ለምን አታውቂም ይለኛል?» አለች። መልስ አጣሁ። መጽሐፉን ቤቴ ወስጄ እንደገና ሳነበው ጥያቄዋ የአንድ ዓረፍተ ነገር ጉዳይ እንዳልሆነ ተረዳሁ።

እንደሚታየው፣ በዚያ ምዕራፍ ስሙ ብቻ ይሠራል። ፒተር ድፍረት ይሰማዋል፤ ሱዛን መልካም መዓዛ ወይም ጣፋጭ ዜማ ያለፈባት ይመስላታል፤ ሉሲ የዕረፍት ቀን ሲጀምር በማለዳ እንደሚነቃ ልጅ ትሆናለች፤ ከጠንቋይዋ ጣፋጭ የበላው ኤድመንድ ግን ይሸበራል። (በ1950 እንግሊዝ አገር ጣፋጭ ገና በራሽን ይሸጥ እንደነበር ያስታወሰ አንባቢ ኤድመንድን በጥቂቱ ሊያዝንለት ይችላል።) ስለ አስላን ማንነት አንዳችም ሳይነገረን አራቱ ገጸ ባሕርያት በአንዲት ስም ተለያዩ። ይህ የሚሆነው አንባቢው ከልጆቹ ጋር በእኩል አለማወቅ ላይ ሲቆም ነው። አስላን እየዘመረ ዓለምን ሲያስገኝ አስቀድሞ ያየ ሰው ልጆቹን ከላይ ሆኖ ይመለከታቸዋል እንጂ አብሯቸው አይደነግጥም።

የፋኖሱ ምሰሶም እንደዚሁ ነው። ሉሲ በካፖርቶቹ መካከል አልፋ በረዶ የሸፈነው ጫካ ውስጥ ስትገባ የምታየው ብርሃን የለንደን መንገድ ላይ እንደሚቆም ያለ ፋኖስ ነው። ማን ተከለው? መጽሐፉ ዝም ይላል። የ1955ቱ መጽሐፍ ግን ይመልሳል፤ ጠንቋይዋ ከለንደን ፋኖስ የገነጠለችውን ብረት ወርውራ፣ ብረቱ በአዲሱ መሬት ላይ በቅሎ ፋኖስ ሆነ ይለናል። ለመልሱ ጥሩ ምናብ አልነፈገውም፤ ቀድሞ ሲመጣ ግን ምስጢሩን ገድሎ ቅርሱን ብቻ ያስቀራል። እኛም አገር «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የመለሰ ልጅ ጦጣዋ ለምን እንደምትናገር አይጠይቅም።

የመክፈቻው መጽሐፍ እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። የሮማውያን ተረት ፍጡር የሆነው ፎን፣ የሚናገሩ ቢቨሮችና ስጦታ የሚያድል የገና አባት በአንድ ጫካ መገናኘታቸው ጄ. አር. አር. ቶልኪንን እንዳላስደሰተው የታወቀ ነው፤ በገና አባት በኩል እኔም ከቶልኪን ጋር ነኝ። የጠንቋይዋም የዘር ሐረግ በሁለቱ መጻሕፍት አይገጥምም፤ ቢቨሩ ከአዳም የመጀመሪያ ሚስት ከሊሊት ወገን ሲያደርጋት፣ የ1955ቱ መጽሐፍ ቻርን ከሚባል ሌላ ዓለም ያመጣታል። ነገር ግን ይህ አለመግጠም የሚነግረን ነገር አለ። ደራሲው መጀመሪያ ሲጽፍ የመንግሥቱን ሙሉ ታሪክ በእጁ አልያዘም ነበር። መነሻው ከዐሥራ ስድስት ዓመቱ ገደማ ጀምሮ በአእምሮው የኖረ አንድ ሥዕል፣ ዣንጥላና ጥቅል ዕቃ ይዞ በበረዶ ውስጥ የሚሄድ ፎን እንደነበር ራሱ ጽፏል። እርሱ ሳያውቅ የገባበትን ዓለም አንባቢው ዐውቆ እንዲገባበት ለምን ይገደዳል?

ዘንድሮ ተማሪዎቼን በ1950ው መጽሐፍ አስጀመርኋቸው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ተማሪ ፋኖሱን ማን እንደተከለው ጠየቀኝ። አልነገርሁትም።